ድኝን ከላምባ የማውጣት ረጅም ጉዞ

ከአዲስ አበባ ነዳጅ ጭኖ የተነሣ ቦቴ ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ አቀበቱን ከጨረሰ በኋላ ሰኮሩን ያቋርጥና በአሰንዳቦና በሰርቦ አድርጎ ጅማ ይገባል። በዚያው መንገድ ከወዲያ የሚመጣው መኪና ቡና ጭኗል። ሁለቱ ጭነቶች አስፋልቱ ላይ ይተላለፋሉ እንጂ አንድ መጋዘን ውስጥ አያድሩም። ቡና ሽታ ይስባልና፣ ነገሩን የሚያውቅ ነጋዴ የላምባ ጀሪካን ከጆንያው አጠገብ አያስቀምጥም።

ለዚህ ሽታ ትልቁን ድርሻ ሲያዋጣ የኖረው ድኝ ነው፤ በኬሚስቶች ቋንቋ ሰልፈር። ድኝን ከሰዶምና ከገሞራ ታሪክ፣ ከዳሎል ቢጫ ሜዳና ከፍል ውሃ ሽታ እናውቀዋለን። ከመሬት በሚወጣው ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥም ተደብቆ ይኖራል። ድፍድፉ ላምባ፣ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ የሚሉት ማቅጠኛና ከቅባት እህል ዘይት የሚያወጣው ሄክሴን ሲሆን፣ ድኙ ከሁሉም ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይሄዳል። ያችን ጥቂት ለማውጣት የሰው ልጅ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ደክሟል።

ጥቂት ማለት ምን ያህል ነው? አንድ ሚሊዮን የደረቀ የቡና ፍሬ ወደ ኩንታል ተኩል ይመዝናል። ከዚያ ሁሉ አንዲት ፍሬ ለይቶ መልቀም ማለት ከሚሊዮን 1 ክፍል ማውጣት ነው። የዛሬ ኬሚካል ፋብሪካ ከዚህም በታች ይወርዳል። እዚህ እንዴት እንደተደረሰ የሚያውቀው ብዙ ሰው ቁርጥራጩን ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ እንከተለው። የዓመት ቁጥሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1832–1860፦ ሽታው ስም አገኘ፣ ላምባም ተወለደ

በ1832 ዊልያም ክሪስቶፈር ዘይዘ የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት እጅግ የሚከረፋ ፈሳሽ ቀመረ። ፈሳሹ ሜርኩሪን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በላቲን ‘ሜርኩሪን የሚይዝ’ ከሚለው ሐረግ አሳጥሮ መርካፕታን አለው። አልኮል ውስጥ ኦክስጅን የሚቆምበትን ቦታ ድኝ ሲይዘው የሚፈጠረው የመርካፕታን ቤተሰብ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው የአፍንጫችን ስሜት ነው፤ ብዙ ሌሎች ነገሮችን በማናሸትበት መጠን መርካፕታንን እናሸታለን። ስለዚህ የድኝ የመጀመሪያው መለኪያ መሣሪያ አፍንጫ ነበር።

በዚያ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ቤቶች መብራት የዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር፤ ዋጋውም እየናረ ሄዷል። አብርሃም ጌስነር የተባለ ካናዳዊ በ1846 ከድንጋይ ከሰልና ከመሰል ማዕድን የሚነጠር የመብራት ዘይት ለሕዝብ አሳየ፤ በ1854ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ስሙን ‘ሰም’ ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ኬሮሲን አለው፤ እኛ ላምባ ያልነው ነው። በ1859 ኤድዊን ድሬክ በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲሳካለት፣ ላምባን ከከሰል ማውጣት ቀርቶ ከድፍድፍ ማንጠር ዋናው ሥራ ሆነ።

የማጥራት ዘዴው ሁለት ደረጃ ነበረው። የተነጠረው ላምባ በመጀመሪያ በሰልፈሪክ አሲድ ይማታል፤ አሲዱ ቀለም የሚሰጡትንና የሚሸቱትን ነገሮች ይዞ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ከሥር ይዘቅጣል። ቀጥሎ ላምባው በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፤ ሶዳው የቀረውን አሲድና ቀለል ያሉትን መርካፕታኖች ይወስዳል። የፔንሲልቬንያ ድፍድፍ ድኙ ጥቂት ስለነበር ይህ በቂ ሆነ። ነዳጅ ሁሉ እንደ ፔንሲልቬንያው የሆነ መሰላቸው፤ ስህተቱ የተገለጠው ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው።

1882–1883፦ ዙሪክ ውስጥ የከሸፈው ማሳያ

ከዚያ በፊት ግን በስዊዘርላንድ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ሆነ። ቪክቶር ማየር በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። ቤንዚንን ለማወቅ የተለመደ አንድ ፈተና ነበረ፤ ቤንዚን ስል የማደያውን ነዳጅ ሳይሆን በአማርኛ ተመሳሳይ ስም የያዘውን፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣውን ማሟሚያ ፈሳሽ ማለቴ ነው። ፈሳሹ ላይ ኢሳቲንና ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመር የሚያምር ሰማያዊ ቀለም ይወጣል። ፈተናውን ያወጣው ታላቁ ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር ነበር፤ ሰማያዊው ቀለም የቤንዚን ምልክት ነው ተብሎም ታምኗል።

በ1882 ማየር ይህን ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ቆሞ ቀለሙ ቀረ። ረዳቱ ትራውጎት ዛንድማየር የከሰሉ ቤንዚን አልቆበት፣ ከቤንዞይክ አሲድ የተሠራ ንጹሕ ቤንዚን አምጥቶ ነበር። ሌላ መምህር ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ያልፈው ነበር። ማየር ግን አላለፈውም፤ ንጹሑ ቤንዚን ቀለም ካልሰጠ፣ ቀለሙን ሲሰጥ የኖረው ቤንዚን ሳይሆን ከቤንዚን ጋር የተደበቀ ሌላ ነገር ነው ብሎ ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት ለይቶ አወጣውና ቲዮፊን የሚል ስም ሰጠው። ቲዮፊን አራት የካርቦንና አንድ የድኝ አቶም በቀለበት የተሳሰሩበት ውሁድ ነው።

ለዘመናት ያልታወቀበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቤንዚን በ80 ዲግሪ ሲፈላ ቲዮፊን በ84 ይፈላል፤ በማንጠር አይለያዩም። ሽታቸውም ይመሳሰላል። በሶዳ ቢያጥቡት ቲዮፊን አሲድነት ስለሌለው ንቅንቅ አይልም። የሚነካው ቀዝቃዛ ሰልፈሪክ አሲድ ነበር፤ ከቤንዚኑ ይልቅ ቲዮፊንን ፈጥኖ ይይዛልና። ቤተ ሙከራዎችም ከዚያ ወዲህ ቤንዚንን በአሲድ ደጋግመው እያጠቡ፣ ሰማያዊው ቀለም ሲጠፋ ጠራ ማለት ጀመሩ።

የዚያ ቀን ትምህርት ሁለት ነገር አስተማረ። አንደኛ፣ ድኝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሶዳ የሚወጣ አለ፣ ሶዳ የማይነካው አለ። ሁለተኛ፣ አፍንጫ ይታለላል፤ የማይሸት ድኝ አለ። የኋለኛው ታሪክ በሙሉ ከነዚህ ሁለት ነጥቦች የተመዘዘ ነው።

1885–1890፦ የሊማ የሚከረፋ ዘይት

በ1885 በኦሃዮ ግዛት፣ ሊማ በምትባል ከተማ አጠገብ ብዙ ነዳጅ ተገኘ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የሊማ ድፍድፍ ድኝ የበዛበት ነበር፤ በአሲድና በሶዳ ታጥቦ የወጣው ላምባ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲነድ ጭስ ያበዛል፣ የመብራቱንም መስታወት ያጠቁራል። ገበያ ላይ ማንም አልፈለገውም፤ በርሜሉም በሳንቲም ቤት ይሸጥ ጀመር።

ጆን ሮክፌለር ግን የስታንዳርድ ኦይል ኩባንያው ይህን ዘይት እየገዛ እንዲያከማች ወሰነ። የፔንሲልቬንያ ጉድጓዶች አንድ ቀን እንደሚደርቁ አስልቷል። የቦርዱ አባላት ተቃወሙት፤ ከመካከላቸው አንዱ ጆን አርችቦልድ ተስፋ ቆርጦ ከራሱ አክሲዮን ከፊሉን በቅናሽ ሸጠ። ሮክፌለር በመጨረሻ ከራሱ ኪስ 3 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ልሁን እስከ ማለት ደረሰ። ከ40 ሚሊዮን በርሜል በላይ የሚሸት ዘይት ታንከሮችን ሞልቶ ተቀመጠ፤ እንዴት እንደሚጠራ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

መፍትሔውን ያመጣው ኸርማን ፍራሽ ነው። ፍራሽ በጀርመን ተወልዶ በወጣትነቱ አሜሪካ የተሻገረ፣ ትምህርቱን በመድኃኒት ቤት ሥራ የጀመረ ኬሚስት ነበር። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት እንዲሁ የሚሸት ድፍድፍ ነበረና እዚያ ሲሞክረው የቆየውን ዘዴ ይዞ ስታንዳርድ ኦይል ቀጠረው። በ1887ና በ1888 ዘዴው በፈጠራ መብት ተመዘገበ፤ በሊማ ዘይትም ላይ ሠራ።

ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ መዳብ ድኝን ይወዳል። የመዳብ ኦክሳይድ ዱቄት ከዘይቱ ጋር በማንጠሪያው ውስጥ ሲገናኝ፣ ድኙ ከዘይቱ ወጥቶ መዳቡ ላይ ይጣበቃል። ዱቄቱ ድኝ ሲጠግብ ወጥቶ በአየር ይቆላል፤ ያኔ ድኙ ተቃጥሎ ይሄድና መዳቡ እንደገና ኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። የፍራሽ ትልቅነት በዚህ መመላለስ ላይ ነው። አሲድ አንዴ ከሠራ ዝቃጭ ይሆናል፤ መዳቡ ግን ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል። በሺህ በርሜል የሚቆጠር ዘይት በአቅም ማጥራት የተቻለውም ስለዚህ ነው። በ1889 ስታንዳርድ ኦይል ለዚሁ ድፍድፍ ሲል በኢንዲያና ግዛት፣ ዋይቲንግ ላይ ግዙፍ ማጣሪያ መገንባት ጀመረ።

ድኝን በገፍ ከነዳጅ ያወጣው የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ዘዴ ይህ ነው። ምክንያቱ የሕዝብ ጤና አልነበረም፤ የማይሸጥ ዘይት እንዲሸጥ ነበር።

1892–1941፦ ላምባ በቀይ ባሕር በኩል

በ1892 ሙሬክስ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ የባኩን ላምባ በሆዷ ጭና በስዊዝ ቦይ አለፈች። ነዳጅ የጫነ ታንከር መርከብ በቦዩ ሲያልፍ የመጀመሪያው ነበር። ጉዞዋ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ቢሆንም መንገዷ ቀይ ባሕር ነው፤ በምጽዋና በአሰብ ባሕር ዳርቻ ትይዩ አልፋለች። ከዚያ ወዲህ ላምባ በዚህ ባሕር ግራና ቀኝ ላሉ አገሮች ሁሉ ርካሽ የመብራት ዕቃ ሆነ።

ወደ እኛ የመጣው በቆርቆሮ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ መሀል አገር መግባት ቀለለ። ጅማ ግን ገና ሩቅ ነበረች። የአባ ጅፋር ገበያ ሂርማታ በቡና፣ በማርና በዝባድ የታወቀች ብትሆንም ዕቃ የሚገባትና የሚወጣላት በአጋሰስ ጀርባ ነበር። የመኪና መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲዘረጋ፣ በሰኮሩ በኩል የሚያልፈው መስመር ጅማን ከአዲስ አበባ ጋር አገናኘ። ከጣሊያኖቹ ጋር ቃላቶቻቸውም ገቡ፤ አኳራጅ ከነዚህ አንዱ ነው።

ኩራዝ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ያለቀ ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ፣ ከጥጥ የተገመደ ክር፣ ጥቂት ላምባ፤ መስታወት የለውም፣ ጭሱን የሚመራ ነገር የለውም። ድኝ ያለበት ላምባ ሲነድ ድኙ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፤ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ነው። በሊማ ዘይት የተማረሩት የአሜሪካ እመቤቶች መስታወታቸው ስለጠቆረ ነበር። በኩራዝ ሥር ቡና የለቀመች፣ ልጅ ያሳደገች እናት ግን ጭሱን በሳንባዋ ተቀብላዋለች።

1924–1937፦ መደበቅ፣ መፈተን፣ መልሶ መጨመር

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማጣሪያዎች ከፍራሽ ዘዴ ጎን አንድ ርካሽ መንገድ ይዘው ነበር። ዶክተር ይባላል፤ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ የሟሟ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። ከጥቂት የድኝ ዱቄት ጋር ቤንዚን ወይም ላምባ ውስጥ ሲመታ፣ የሚከረፉት መርካፕታኖች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩና ሽታ የማይሰጥ ሌላ ውሁድ ይሆናሉ። ነዳጁ ጣፈጠ ይባላል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ድኙ አልወጣም። አፍንጫ ዝም ብሏል፣ የሚነደው ድኝ ግን እዚያው ነው።

እውነተኛ ንጽሕና የጠየቁት ባልተጠበቀ በኩል ልብስ አጣቢዎች ነበሩ። የአሜሪካ የደረቅ እጥበት ቤቶች ቤንዚን በሚመስል ቀላል ፈሳሽ ልብስ ሲያጥቡ እሳት እየተነሣ ብዙ ጉዳት ደረሰ። አትላንታ ውስጥ የእጥበት ሥራ የነበረው ስቶዳርድ ከሜለን ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ጋር ሆኖ በ1924 በቀላሉ የማይቀጣጠል ማሟሚያ አወጣ፤ በ1928ም በመንግሥት የንግድ ደረጃ ጸደቀ። ደረጃው የእሳት ደኅንነትን ብቻ አላለም። ፈሳሹ በዶክተር ፈተና ጥቁር ዝቃጭ እንዳይሰጥ፣ የተወለወለ መዳብ ሲነከርበትም እንዳያጠቁረው ጠየቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድኝ ያለበት ማሟሚያ የታጠበ ኮት ላይ ሽታውን ትቶ ይሄዳል። የዛሬው አኳራጅ የዚሁ ማሟሚያ ዘመድ ነው፤ የመዳብ ቁራጭ ፈተናም እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይሠራል።

በእነዚያው ዓመታት ከዙሪክ ሌላ ዜና መጣ፤ ይህ ደግሞ የጅማን ሰው በቀጥታ ይነካል። ማየር ባስተማረበት በዚያው ተቋም የነበሩት ሄርማን ሽታውዲንገርና ታዴዎስ ራይክስታይን የተቆላ ቡና ሽታ ከምን እንደሚመጣ ሲመረምሩ፣ በ1926 አንድ ዋና ነገር አገኙ። ፉርፉሪል መርካፕታን ይባላል። አዎ፣ መርካፕታን ነው፤ ከላምባ ውስጥ ሲታደን የኖረው ቤተሰብ አባል። በጣም ሲሳሳ የተቆላ ቡና ይሸታል፣ ሲበዛ ይከረፋል። አቦሉ ሊፈላ ሲል ከምጣዱ ተነሥቶ ጎረቤት የሚጠራው መዓዛ ያለ ድኝ አይሟላም። እንግዲህ ድኝ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ነው ቁም ነገሩ።

ይህንኑ እውነት በ1937 ዓለም በመራራ መንገድ ተማረው። በቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ሥር የተፈጥሮ ጋዝ አፈትልኮ ተጠራቀመ። ጋዙ ሽታ ስላልነበረው ማንም አላወቀም። ማርች 18 ቀን ፈነዳና ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ግዛቲቱ ጋዝ ሁሉ ሽታ እንዲጨመርበት በሕግ ደነገገች፤ የተጨመረውም መርካፕታን ነው። ዛሬ ጅማ ውስጥ የቡታጋዝ ሲሊንደር ሲያፈስ ቤተሰቡን የሚያስጠነቅቀው ሽታ የዚያ ሕግ ውርስ ነው። ድኙ በመጀመሪያ ይወጣል፤ ከዚያ ተለክቶ፣ ታስቦበት ይመለሳል።

1949–1960ዎቹ፦ ፕላቲነም የለወጠው ዘመን

እስከዚህ ድረስ ድኝን የሚያሳድደው ሽታው ነበር። በ1949 ሌላ አሳዳጅ መጣ። በቺካጎ ይሠራ የነበረው ቭላዲሚር ሄንሰል ዝቅተኛ ቤንዚንን ወደ ከፍተኛ የሚለውጥ ዘዴ ይፋ አደረገ። የለውጡ አፋጣኝ፣ ካታሊስት የሚባለው፣ ፕላቲነም ነበር። ይህን ያህል ውድ ማዕድን ለነዳጅ ሥራ ማዋል ብዙዎችን አስደንግጧል፤ ሄንሰል ግን እጅግ ጥቂቱ እንደሚበቃ አሳየ።

ችግሩ ድኝ የፕላቲነም መርዝ መሆኑ ነው። ድኝ የብረቱን ገጽ ይይዝበታል፤ የተያዘው ገጽ ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ወደ ፕላቲነሙ የሚገባው ፈሳሽ ድኙ ከሚሊዮን 1 ክፍል በታች መውረድ ነበረበት። ድኙ የማይሸተው ዓይነት ከሆነ ለአፍንጫ ይህ መጠን ትርጉም የለውም፤ ለፕላቲነሙ ግን የሞት ሽረት ነው። ንጽሕናን ያስገደደው ኪሳራ ሆነ።

ይኸው ዘዴ መድኃኒቱንም ይዞ መጣ። የፕላቲነሙ ሥራ ተረፈ ምርቱ ሃይድሮጅን ነው፤ ቀድሞ ውድ የነበረው ጋዝ በየማጣሪያው በርካሽ ተገኘ። ሃይድሮጅንና የሚጠራው ፈሳሽ ከ300 ዲግሪ በላይ ሞቀው፣ በከፍተኛ ግፊት፣ ኮባልትና ሞሊብዴነም በተቀባ ጠጠር ውስጥ ሲያልፉ፣ ሃይድሮጅኑ ድኙን ከካርቦኑ ይፈለቅቅና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደሚባል ጋዝ ይለውጠዋል። ዶክተሩ የሚደብቀውን ይህ ያወጣል፤ ማየር ያገኘውን ግትር ቲዮፊን እንኳ ይሰብረዋል። የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ደግሞ ካርል ፍሪድሪክ ክላውስ በ1883 በጀመረው ዘዴ ተመልሶ ቢጫ ድኝ ይሆንና ለማዳበሪያ መሥሪያ ይሸጣል።

ቀለል ላሉት መርካፕታኖች በ1958 ሜሮክስ የሚባለው ዘዴ መጣና እርሳስ ያለበትን ዶክተር ቀስ በቀስ ከሥራ አስወጣው። ለመጨረሻዋ ቅንጣት ደግሞ የዚንክ ኦክሳይድ ማማዎች ተተከሉ። ሃይድሮጅኑ ድኙን ወደ ጋዝ ከለወጠው በኋላ ፍሰቱ በዚንክ ኦክሳይድ እንክብሎች መካከል ያልፋል፤ ዚንኩ ድኙን ይይዝና አይለቀውም። ዛሬ ሽታ አልባ የሚባሉት የቀለም ማቅጠኛዎችና ንጹሕ ሄክሴን የሚሠሩት በዚህ ሰልፍ ነው፦ በመጀመሪያ ድኙ ይወጣል፤ ከዚያ ፈሳሹ ኒኬል ወይም ፕላቲነም ባለበት ክፍል ገብቶ ጎጂው ቤንዚን፣ የማደያው ሳይሆን ማየር የመረመረው፣ ወደ ሌላ ይለወጣል። ድኝ ካመለጠ ኒኬሉ ይሞታል፣ ፋብሪካውም ይቆማል። የማሟሚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለ ሚሊዮንኛ ክፍል የሚጨነቀው ለዚህ ነው።

1967–1998፦ አሰብ

ኢትዮጵያ የራሷን ማጣሪያ ያገኘችው በዚህ ዘመን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ሞስኮን ጎብኝተው የብድር ስምምነት አደረጉ፤ ከስምምነቱ ፍሬዎች አንዱ በሶቪየት ባለሙያዎች የተገነባው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ነበር። በ1967 ሥራ ጀመረ፤ መነሻ አቅሙ በዓመት 500,000 ቶን ድፍድፍ ነበር። ድፍድፉ በመርከብ ይገባል፤ ቤንዚን፣ ላምባ፣ ናፍጣና ከባድ ዘይት ሆኖ በቦቴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ መሀል አገር ይወጣል።

አንድ ሙሉ ትውልድ በዚህ መስመር ኖሯል። የአሰብ ሙቀት፣ የቦቴ ሾፌሮቹ ብርታት፣ ለማጣሪያው ሠራተኛ የተከፈተው የእጅ ሙያ፣ እነዚህ የኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ታሪክ አካል ናቸው። ነዳጅን መለካት፣ ማንጠር፣ ማጥራት የአገር ውስጥ ዕውቀት የሆነበት ብቸኛው ዘመን እሱ ነው። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ስትሆን ማጣሪያው በእሷ እጅ ቀረ፤ በ1997 ተዘጋ። በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ ኢትዮጵያ ነዳጇን ሁሉ ወደ ጅቡቲ አዞረች። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰኮሩ የሚመጣው ናፍጣ ድኙ የሚወጣለት፣ ወይም ሳይወጣለት የሚቀረው፣ በባዕድ አገር ነው።

1996–2024፦ የቁጥር ዘመን

አሰብ በተዘጋባቸው ዓመታት የበለጸጉት አገሮች በናፍጣ ላይ ዘምተው ነበር። የመኪና ጭስ ማጥሪያዎች እንደ ሄንሰል ዘዴ በፕላቲነም የሚሠሩ በመሆናቸው ድኝ እነሱንም ይመርዛል፤ የናፍጣ ጥላሸት ማጣሪያም ድኝ በበዛበት ነዳጅ አይሠራም። አውሮፓ የናፍጣን ድኝ በ1996 ከሚሊዮን 500፣ በ2005 50፣ በ2009 10 ክፍል አደረሰች። አሜሪካም በ2006 ወደ 15 ወረደች። ከ500 ወደ 10 የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች ከባድ ያደረገው የማየር ቲዮፊን ዘመዶች ናቸው፤ ድኙ በትላልቅ ቀለበቶች መካከል ተሸሽጎ ካታሊስቱ የማይደርስበት ነው።

በአፍሪካ ታሪኩ ሌላ ነበር። በ2016 ፐብሊክ አይ የተባለ የስዊዘርላንድ ድርጅት በምዕራብ አፍሪካ ማደያዎች የተሸጠ ናፍጣ መርምሮ፣ ድኙ ከአውሮፓው ወሰን እስከ 378 እጥፍ የደረሰ አገኘ። ነጋዴዎቹ ሕግ አልጣሱም ነበር፤ የአገሮቹ ደረጃ ልል ስለነበር፣ ልል ለሆነው ገበያ ልል የሆነውን ነዳጅ ቀላቅለው ሸጡ። አውሮፓ ያጠራችው ድኝ አልጠፋም፤ ደረጃ ወዳልጠየቀው ተሸኘ።

ይህ ግን ዕጣ ፈንታ አልነበረም። ኬንያ ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ጋር በ2015 ወሰኑን ወደ 50 አውርዳ ነበር። ጋናም ሪፖርቱ በወጣ በዓመቱ፣ በ2017፣ ከ3,000 ወደ 50 ወረደች። ማጣሪያ አልሠሩም፤ በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ለወጡ፣ ነጋዴው ደግሞ የተጠየቀውን አቀረበ። በ2024 በናይጄሪያ በቀን 650,000 በርሜል የማጣራት አቅም ያለው የዳንጎቴ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ዝቅተኛ ድኝ ያለው ነዳጅ በአፍሪካ ምድር በገፍ የሚመረትበት ዕድል ሰፋ።

ከ2004 ወዲህ፦ ሰኮሩ

በ2004 በሰኮሩ አቅራቢያ የግልገል ጊቤ ግድብ 184 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። መስመሩ በደረሰበት ቤት ኩራዙ ከመደርደሪያ ወረደ፤ ከላምባ ጋር የመጣው ድኝም ከዚያ ቤት ወጣ። በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ሆኖም ቡናውን የሚጭነው መኪና፣ የወፍጮው ሞተር፣ መንገዱን የሚሠራው ዶዘር አሁንም ናፍጣ ይጠጣሉ። አኳራጁም ሄክሴኑም ከውጭ ይገባል።

ይህን ረጅም መንገድ ወደ ኋላ ስናየው፣ ድኝ የወጣው ሁልጊዜ አንድ ሰው አልቀበልም ሲል ነው። የሊማን ላምባ ገዢው አልቀበልም አለ፤ ፍራሽ ተገኘ። ልብስ አጣቢው የሚሸት ማሟሚያ አልፈልግም አለ፤ ደረጃ ተጻፈ። ፕላቲነሙ አልሠራም አለ፤ የሃይድሮጅኑ ዘዴ ተስፋፋ። ጋና አልገዛም አለች፤ ንጹሑ ናፍጣ መጣ። ዕውቀቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዓለም ላይ አለ፤ የጎደለው የሚጠይቅ ነበር።

የነዳጃችን ጥራት የሚወሰነው አዲስ አበባ ላይ በሚጻፍ የደረጃ ሰነድና በግዢ ውል ነው፤ የሚረጋገጠው ደግሞ በወደብና በዲፖ በሚወሰድ ናሙና ነው። ሽታ የለውም የሚል መልስ እንደማያጠግብ ከዙሪኩ የትምህርት ክፍል ጀምሮ ታውቋል። ስለዚህ ደረጃ የምታወጡ፣ ነዳጅ የምትገዙ፣ ናሙና የምትፈትሹ ወገኖች የናፍጣውን የድኝ መጠን በቁጥር ለሕዝብ አሳውቁ፤ ቁጥሩንም ጎረቤቶቻችን ከደረሱበት 50 በታች አድርጉት። ቡናው አንዲት የበሰበሰች ፍሬ እንዳትቀርበት የሚለቅም ገበሬ የሚተነፍሰውም አየር እንዲሁ ሊለቀምለት ይገባል።